ስለ ምሥራቅ አዲስ አበባ ጥቁር መሬትና ከከተማ ወደ እርሻ ስለሚወጣ ቤተ ሰብ

ይህ ትምህርት በከተማ ብዙ ዘመን ኖሮ ወደ አነስተኛ እርሻ ለመውጣት ስለሚያስብ ቤተ ሰብ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለው ሐሳብ ዛሬ በቦሌና በአካባቢው በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ይሰማል፤ የቤት ኪራይና የእህል ዋጋ በከበደ ጊዜ ባልና ሚስት ማታ ተቀምጠው «ጥቂት መሬት ብናገኝ፥ አንዲት ላም ብናስር» ይባባላሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመሬት ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይሰናከላል። ቤተ ሰቡ ከመሬት አስቀድሞ ሊይዝ የሚገባው ዓመት ነው፤ ይኸውም የአንድ ሙሉ ዓመት ስንቅ፥ የአንድ ሙሉ ዓመት መኖ፥ የአንድ ሙሉ ዓመት ትዕግሥት ማለት ነው። ይህን በቁጥርና በምሳሌ እናስረዳለን።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት እንናገር። ቦሌ ዛሬ ፎቅ ቤትና አስፋልት ሞልቶት ቢታይም፥ ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ በማይበልጥ ዘመን ውስጥ የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ ሰፈሯ ከእንጦጦ ግርጌ በፍል ውኃ ዙሪያ ነበርና፥ የምሥራቁ ሜዳ ለባላገሩ ተትቶ ቆየ። የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ የተዛወረው በ1955 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ደልዳላ ሜዳ ለበሬም ለአውሮፕላንም ይመቻልና። ከዚያ ወዲህ ከተማው ገርጂን፥ ጉርድ ሾላን፥ ኮተቤን፥ ሰሚትን፥ አያትን፥ ጎሮን እያለ ሄደ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ከእርሻነት ወደ መንደርነት ተለወጡ፤ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ እስኪቆም ድረስ ሕዝቡ በዛ።

በዚያ ምድር ላይ ያርስ የነበረው ገበሬ ግን ወዴት ሄደ? ይህን የምንጠይቀው ለወቀሳ ሳይሆን ለትምህርታችን ስለሚረዳ ነው። በ1997 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ መሠረት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ለተወሰደበት ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ፥ ባለፉት አምስት ዓመታት በአማካይ በየዓመቱ ያገኘው ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ይህን ወደ 15 ከፍ አደረገው። ገንዘቡ በአንድ ቀን በእጁ ሲገባ ብዙ መሰለው፤ ነገር ግን ገንዘብን በየወሩ ከፋፍሎ የመኖርን ሥርዓት ማንም አላስተማረውምና ብዙዎቹ ገንዘባቸው አልቆ ዘበኛና የቀን ሠራተኛ ሆኑ። በጎተራ ይኖር የነበረ ሰው በወር ደመወዝ መኖርን እንዲህ በችግር ተማረ። እንግዲህ ከከተማ ወደ እርሻ የሚወጣው ሰው ይህንኑ መንገድ በተቃራኒው የሚሄድ ነው፤ በወር ደመወዝ የኖረው በጎተራ መኖርን ሊማር ነው። የመጀመሪያው ተገዶ የሄደ ነው፥ ሁለተኛው ወድዶ የሚሄድ ነው፤ ስለዚህ ለሁለተኛው አለመዘጋጀት ምክንያት አይሆነውም።

ለምሳሌ በገርጂ በኪራይ ቤት የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ እናስብ። ባል በጽሕፈት ቤት ይሠራል፥ ሚስት በትንሽ ንግድ ትረዳለች፥ ሦስት ልጆችም ይማራሉ። ይህ ቤተ ሰብ በሰንዳፋ መንገድ ወይም ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ሄክታር መሬት ለመያዝ አሰበ እንበል፤ ግማሽ ሄክታር በባላገር ስፍር ሁለት ጥማድ ያህል ነው።

መሬቱን እንዴት ይይዘዋል? ቀድሞ በከተማ የሚኖር ሹም ወይም ጸሓፊ መሬት አለኝ ሲል፥ አንድ ጋሻ ማለትም 40 ሄክታር ያህል ተሰጥቶት ጭሰኛው የሚያርስለት፥ እርሱም ድርሻውን የሚቀበል ማለት ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ባለ መሬት እንጂ ገበሬ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ይህ ሥርዓት ቀረ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ከከተማ የመጣው ሰው የሚያገኘው ከገበሬው በኪራይ ወይም በእኩል ነው፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሊመዘገብ ይገባል፤ የኪራዩም ዘመን በየክልሉ ሕግ የተወሰነ ነው። «መሬት ልሽጥልህ» ብሎ በደላላ በኩል ወረቀት የሚያቀርብ ሰው ቢመጣ፥ የሚሸጠው ክርክር ነው። በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ አስተዳደሩ ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸው ብዙ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ፥ በእንዲህ ባለ ወረቀት ታምነው ያላቸውን ሁሉ ያፈሰሱ ቤተ ሰቦች ምን እንደ ደረሰባቸው አገር ያየው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ አፈሩ እንመለስ። ከቦሌ ጀምሮ እስከ አቃቂ፥ ከዚያም እስከ አድአ ድረስ ያለው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር ነው፤ በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ ይባላል፥ የአካባቢው ኦሮሞ ገበሬ ኮትቻ ይለዋል። (በዚያ አገር የሚሰፍር ከተሜ ኦሮምኛ መማር ይገባዋል፤ የጎረቤቱን ቋንቋ ያላወቀ ሰው የመሬቱን ጠባይ ከማን ይጠይቃል?) ይህ አፈር ለም ነው፤ ነገር ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። በጥርና በየካቲት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሰው ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይከፈታል። በሐምሌ ዝናም ሲጠጣ ግን ያብጣል፥ ስንጥቁ ይደፈናል፥ ውኃውም ወደ ታች መስረግ አቅቶት በላዩ ይተኛል። በበጋ እንደ ድንጋይ፥ በክረምት እንደ ጭቃ ምርጊት ነውና፥ ለእርሻ የሚመቸው ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ከተሜው ይህን አያውቅም። በመጋቢት መጥቶ መሬቱ ጥቁርና ለም መሆኑን አይቶ ይደሰታል፤ በሐምሌ ሽንኩርትና ካሮት ዘርቶ በነሐሴ ሥሩ በስብሶ ያገኘዋል።

ገበሬው ግን ይህን አፈር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ሽምብራና ምስርን በክረምቱ መካከል አይዘራም፤ መሬቱን አርሶ ይጠብቅና ዝናሙ ሲያቆም፥ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፥ አፈሩ በሆዱ በያዘው እርጥበት ይዘራቸዋል። ጓያም እንዲሁ ይዘራል፤ ጓያን ግን ለረጅም ጊዜ ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ስለሚችል መምህሩ ለተማሪዎቹ ሊያስጠነቅቅ ይገባዋል። በሰሜን ሸዋ በእንዋሪ ያሉ ገበሬዎች ደግሞ ከዚህ አልፈው አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ሰፊ መደብ ያወጣሉ፥ በመደቦቹም መካከል ቦይ ይተዋሉ፤ ውኃው በቦዩ ሲሄድ ስንዴው በመደቡ ላይ ይድናል። ይህ የአባቶች ብልኀት ለተማሩትም ሰዎች ትምህርት ሆነ። በ1966 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተቋቋመው፥ ግቢውም በምሥራቅ በጉርድ ሾላ አቅራቢያ የሚገኘው፥ ያን ጊዜ ኢልካ ዛሬ ኢልሪ የሚባለው የእንስሳት ምርምር ድርጅት፥ ከአገራችን የእርሻ ሊቃውንት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚሳብ መደብ ማውጫ ሠራ። አዲስ ነገር መስሎ የታየው መሣሪያ ግማሹ ከጥንቱ ሞፈርና ድግር የተገኘ መሆኑ ደስ ያሰኛል።

በቤተ ክርስቲያን ሐሳበ ዘመን የተማርን ሰዎች ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 እያልን ዓመቱን በአራት እንከፍላለን። ክፍሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ዝናም መጽሐፍ አይቶ አይመጣም፤ አንዳንድ ዓመት ይፈጥናል፥ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል። ስለዚህ አዲሱ ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ራሱ መዝገብ ይያዝ፦ ዝናሙ የጀመረበትን ቀን፥ ውኃ የተኛበትን የመሬቱን ጎን፥ አፈሩ ማረሻ የተቀበለበትን ሳምንት፥ ጎረቤቱ የዘራበትን ቀን። አንድ ደብተር ይበቃዋል።

ቀጥሎ ጤፉን እንቁጠር። በአገራችን በአማካይ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ጤፍ 17 ወይም 18 ኩንታል ገደማ ነው። እንግዲህ ከግማሽ ሄክታር ቢበዛ 9 ኩንታል ይገኛል እንበል። በወር ግማሽ ኩንታል የሚጨርስ ቤት በዓመት 6 ኩንታል ይበላል። መሬቱ በኪራይ የተያዘ ከሆነ ቀሪው 3 ኩንታል ለኪራይ፥ ለዘር፥ ለማዳበሪያ፥ ለበሬ ውለታና ለአጫጅ ነው። በእኩል የተያዘ ከሆነ ግን ከ9ኙ ለራሱ የሚደርሰው 4 ኩንታል ተኩል ነው፤ ለቤቱም ቀለብ አንድ ኩንታል ተኩል ይጎድለዋል። የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. ያወጣው ቁንጮ የተባለው ነጭ ጤፍ ከዚህ የተሻለ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ለጀማሪ እጅ ምርጥ ዘርም በአማካዩ ላይ ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው። ጤፍ መሬቱ አራትና አምስት ጊዜ እንዲታረስለት፥ አረሙም በእጅ እንዲነቀልለት ይፈልጋል። ከዚህ ቁጥር የምንረዳው፥ ሁለት ጥማድ ጤፍ ቤተ ሰቡን ሊመግብ ቢችልም፥ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪና ልብስ አይችልም። ገንዘቡ ከሌላ መምጣት አለበት፤ ስለዚህም ነው ሰው ሁሉ ላምን የሚያስበው።

የወተት ላም ነገር በአዲስ አበባ ዙሪያ የቆየ ታሪክ አለው። በ1939 ዓ.ም. ገደማ ከጦርነቱ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ ኋላም በምሥራቅ አዲስ አበባ በሾላ የወተት ፋብሪካ ተተከለ። ዛሬ በከተማው ዳርና በቢሾፍቱ የምትታየው ድቅል ላም ከእንዲህ ያለው ዘር የመጣች ናት። በቢሾፍቱ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የአድአ የወተት ማኅበር ጥቂት አባላት ይዞ ተነሥቶ ብዙ ሆኗል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ብቻውን ወተቱን ተሸክሞ ገዢ ሲፈልግ ይበላሽበታል፥ ብዙ ሰው በአንድ መሰብሰቢያ ሲያስረክብ ግን መኪና ራሱ መጥቶ ይወስደዋል።

የአገራችን ላም በቀን አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ትሰጣለች፤ ድቅሏ መኖዋ ከተሟላ 10 ሊትር ገደማ ትሰጣለች። ከተሜው የሚያየው ይህን 10 ሊትር ብቻ ነው። እስቲ ደግሞ የምትበላውን እንይ። ክብደቷ 400 ኪሎ የሆነች ላም በቀን ከክብደቷ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል፥ ማለት 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ይህ በዓመት 4,380 ኪሎ፥ ወደ 44 ኩንታል ይሆናል። ጤፉ 9 ኩንታል፥ የላሚቱ መኖ 44 ኩንታል! ከግማሽ ሄክታር የሚገኘው የጤፍ ጭድ ይህን አይሞላም፤ ድርቆሽ መግዛት ግድ ነው፥ ፉርሽካና ፋጉሎም ይጨመርበታል። ድርቆሽ በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ በሚታጨድበት ጊዜ ይረክሳል፥ በሚያዝያና በግንቦት ይወደዳል። ስለዚህ በመጋቢት ላም ገዝቶ በሚያዝያ ድርቆሽ የሚፈልግ ሰው በውዱ ጊዜ ገብቶ ላሚቱን ያስርባታል፤ ከዚያ ወተቷ ይጎድላል፥ ሰውዬውም «ሻጩ አታለለኝ» ይላል። ሥርዓቱ ግን እንዲህ ነው፦ በመስከረም የመኖ ቤት ይሠራል፤ ጣራው እንዳያፈስ፥ ወለሉም ከመሬት ከፍ እንዲል ይደረጋል። በኅዳር የዓመቱ ድርቆሽ ይገባል። ላሚቱ የምትመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ውኃዋም አይዘንጋ፤ የምትታለብ ላም በቀን 60 ሊትር ያህል፥ ማለት ሦስት ጀሪካን ትጠጣለች፥ በሙቀት ቀን ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ውኃው ሩቅ ከሆነ ማን ይቀዳዋል ተብሎ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ከትምህርት ቤት የምትቀረው ትልቋ ሴት ልጅ ሆና ትገኛለችና።

ሌላ ከተሜ የማያስበው ነገር ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፥ ከዚህም በላይ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት፥ በነሐሴም ፍልሰታ ሲመጣ የወተት ገዢ ይቀንሳል፤ ላሚቱ ግን አትጾምም። የጾሙን ወተት ንጦ ቅቤ ማውጣት የተማረ ቤት ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ቅቤውን በደህና ዋጋ ይሸጣል፤ ያልተማረ ቤት ወተቱን ለጥጃ ያፈሳል። ከዚህ የሚበልጥ ብልኀትም አለ። ላም የምታረግዘው 9 ወር ያህል ስለ ሆነ፥ በሐምሌ የተጠቃች ላም በሚያዝያ ትወልዳለች፤ ከወሊድ በኋላ ያለው ብዙው ወተት ከፋሲካ ወዲህ ይውላል፥ ጥቂት ቆይቶም የሰኔ እርጥብ ሣር ይደርስላታል። ላሚቱ ኮርማ የፈለገችበትን ቀን በዚያው ደብተር መጻፍና የማዳቀል ባለሙያውን በጊዜው መጥራት ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ካለፈች 21 ቀን ያህል መጠበቅ ነው።

ስለ ዶሮ አጭር ቃል ይበቃል። የፈረንጅ ዘር ዶሮ በዓመት 300 ገደማ እንቁላል ስትጥል፥ የሐበሻዋ ከ40 እስከ 60 ትጥላለች፤ ሐበሻዋ ግን ራሷን ትመግባለች። ፈንግል የሚባለው በሽታ አንድ ጊዜ ከገባ በሳምንት ውስጥ ቤቱን ባዶ ያደርገዋልና ክትባት ሳይዙ ዶሮ ማስገባት እብደት ነው። ክትባቱ በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይሠራል። ስለ አትክልት ደግሞ፥ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ በተሸከመ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የለማ ሰላጣና ጎመን ለጤና የሚጎዳ ከባድ ብረት እንደሚገኝበት በምርመራ ታውቋል፤ ከወንዙ ዳር ያለ ርካሽ መሬት ርካሽ የሆነው ስለዚህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ገርጂው ቤተ ሰብ እንመለስ። ይህ ሁሉ ከተቆጠረ በኋላ ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት ባልና ሚስት በአንድ ቀን ሁለቱም ሥራቸውን ትተው መውጣት የለባቸውም። አንዱ በደመወዙ ይቆይ፤ የመጀመሪያው ወተት ተሸጦ ገንዘቡ በእጅ እስኪገባ ድረስ ቤቱ የሚያርፍበት ምሰሶ እርሱ ነው። ልጆቹም በዓመቱ መካከል ከትምህርት ቤት አይነሡ፤ ከሰኔ ፈተና በኋላ ይዛወሩ። ስለ ሚስት ደግሞ ይህን እናገራለሁ፦ በባላገር ቤት ወተቱ፥ ቅቤው፥ ዶሮው በእመቤቲቱ እጅ ነው፥ ገንዘቡም የእርስዋ ነው። እንግዲህ ይህን ሥራ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ በቀን ሁለት ጊዜ የምታልበው እርስዋ ከሆነች፥ ምክሩም አስቀድሞ ከእርስዋ ጋር ይሁን። ላም የበዓል ቀን የላትም፤ በፋሲካ ሌሊትም ትታለባለች። ባልየው ብቻውን ወስኖ ያመጣው እርሻ በሁለተኛው ዓመት ለሽያጭ ሲቀርብ ይታያል።

ከጎረቤት ጋር መኖርም የሥራው ክፍል ነው። በመንደሩ ዕድር ይግባ፤ ደቦ ሲጠራ ራሱ ይሂድ፥ ማጭድ ባያውቅ ነዶ ይሸከም። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ላሚቱ መውለድ ሲያቅታት ሐኪም እስኪደርስ የሚረዳው ጎረቤቱ ነው። ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ገበሬውን ሊያስተምር ይቸኩላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን ጠያቂ እንጂ አስተማሪ ባይሆን ይሻለዋል። በለሚ ኩራ ዛሬ በጋራ ቤቶች መካከል የሚኖሩ፥ ቀድሞ ያንኑ ጥቁር መሬት ያረሱ ሽማግሎች አሉ። ሰው ወደ እርሻ ከመውጣቱ በፊት ከእነርሱ ጋር አንድ ቅዳሜ ቢቀመጥ፥ የትኛው ሸለቆ በሐምሌ እንደሚሞላ፥ የትኛው ጎን ሽምብራ እንደሚያበቅል ይነግሩታል። እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው ጥቂት ነው።

መምህራን ይህን ትምህርት በቃል ብቻ እንዳይተዉት፥ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሊያሳዩት ይችላሉ። በየካቲት ተማሪዎቹ በጥቁር መሬት ስንጥቅ ውስጥ ቀጭን እንጨት እያስገቡ ጥልቀቱን ይለኩ፥ ይጻፉም። በሐምሌ ደግሞ በዚያው ቦታ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረው ሁለት ባልዲ ውኃ ያፍስሱበትና ዝናም እንዳይገባበት ይክደኑት፤ ማታ ያለበትን ምልክት አድርገው በማግሥቱ ይመልከቱ። ውኃው ሰርጎ ካገኙት ያ ስፍራ ቀይ ወይም አሸዋ የተቀላቀለበት ነውና ለአትክልት ይሞከር። ምልክቱን ሳይለቅ ቆሞ ካገኙት ግን በክረምት ሽንኩርት አይተከልበትም፤ ቦይ ይውጣለትና እስከ መስከረም ለሽምብራ ይቆይ።